አባቴ ካሴት ለፀሐይ አይሰጡም ነበር

ዛሬ ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ ትቼ ስለ መኪናዬ ላጫውታችሁ። «ጋዜጠኛ ነበርኩ የሚል ሰው ከመኪና ምን አገናኘው?» የምትሉኝ ካላችሁ፣ ለንደን ውስጥ ሚኒካብ ነድቶ የማያውቅ የቀድሞ ጋዜጠኛ አሳዩኝና እንከራከራለን። በሰው አገር ዩኒቨርሲቲ ያገኘሁትን ዲግሪ ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ። ሌላውን ዲግሪ፣ የሙቀቱን ማለቴ ነው፣ የተማርኩት መሪ ጨብጬ ነው።

መኪናዬ አሮጌ ናት። ዘመናዊ ስክሪን ላስገጥምላት ብጠይቅ የሳምንት ገቢዬን ጠሩብኝ። ስለዚህ እንደ ብዙዎቻችሁ ልጄ የተወችውን ታብሌት በመያዣ ዳሽቦርዱ ላይ ተከልኩት። መንገድ ይመራኛል፣ ዘፈን ያሰማኛል። ከዘፈኖቹ መሐል አንድ ዘፈን ያልሆነ ነገር አለ፤ አባቴ ከማረፋቸው በፊት በስልክ ያወጉኝና የቀዳሁት የ40 ደቂቃ ድምፅ። ሌሊት ተሳፋሪ ሲጠፋ እሱን እከፍታለሁ። ሌላ ቦታ ግን አልገለበጥኩትም ነበር። ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ጁላይ 19 ቀን 2022፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 12 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ እንግሊዝ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ 40 ዲግሪን አለፈች። ሊንከንሻየር ውስጥ ኮኒንግዝቢ 40.3፣ እዚሁ ሂትሮው 40.2 ተመዘገበ። በዋዜማው የሉተን አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያ ከሙቀት ብዛት ተበላሽቶ በረራ ተቋረጠ። በዕለቱ ደግሞ በምሥራቅ ለንደን ዌኒንግተን ቤቶች ነደዱ። እኔ ምሳዬን ልበላ ካሌዶንያን ሮድ አጠገብ መኪናዬን ፀሐይ ላይ አቁሜ ገባሁ። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ብመለስም ታብሌቱ ጨልሞ የቴርሞሜትር ምልክት ብቻ ያሳየኛል።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። አፕል ለአይፓዱ ያወጣውን ደንብ ብታዩ ሲሠራ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ፣ ጠፍቶ ሲቀመጥ ከ20 ዲግሪ በታች ከዜሮ እስከ 45 ይላል። የዚያን ቀን ለንደን ጥላ ሥር እንኳ ከደንቡ ውጭ ነበረች። በአሜሪካ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ በበጋ ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት የቆሙ መኪኖች ዳሽቦርድ በአማካይ 69 ዲግሪ ደርሷል። እንጀራ ባይጋገርበትም ቂጣ ሳያሞቅ አይቀርም! ፋብሪካው መኪናው ውስጥ የሚገጥመው ስክሪን ዕቃዎቹ በአብዛኛው ከ40 ዲግሪ በታች ከዜሮ እስከ 85 እንዲችሉ ተደርገው የሚመረጡ ናቸው፤ በሆዱም የራሱን ሊቲየም ባትሪ አይሸከምም። የእኛ ታብሌት ግን ለሶፋ የተሠራ ነው።

እኔም ሞኙ ሲቀዘቅዝ ስለተነሣልኝ ዳነ ብዬ እዚያው ተውኩት። ዲሴምበር ላይ በረዶ ሲጥል ሌሊቱን መኪና ውስጥ አደረ። ጠዋት እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ሳለ ቻርጀር ሰካሁበት። ይህ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው፤ ባትሪ ከዜሮ በታች ሆኖ ሲሞላ ሊቲየሙ ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ በላዩ ላይ እንደ ብረት ይለበጣል፣ ያም ጉዳት አይመለስም። ጃንዋሪ ላይ ባትሪው አብጦ መስታወቱን ከማቀፊያው ፈንቅሎ አነሣው።

ያኔ አባቴ ትዝ አሉኝ። ከኮምቦልቻ አሰብ በፊያት ኤንትሬ ጭነት ያመላልሱ ነበር፣ መንገዱ በ1998 እ.ኤ.አ. በጦርነቱ እስኪዘጋ። ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ እስከ ሚሌ ይዘውኝ ሄደዋል። ባቲን አልፈን ወደ አፋር ቆላ ስንወርድ ካሴቶቹን በሙሉ ከፊት አንሥተው በጨርቅ ጠቅልለው ከመቀመጫው ሥር ከተቱ። «ለምን?» ብላቸው «ፀሐይ የበላው ክር ዘፋኙን ያስለቅሰዋል» አሉኝ። የአሰብ መንገድ ሾፌር የሚያውቀውን እኔ ባለዲግሪው ረሳሁት።

የሠፈራችን ጠጋኝ ወጣት ያበጠውን ባትሪ ሲያይ ጆሮዬን ነው የቆነጠጠኝ። «ቻርጅ አታድርገው፣ አትጫነው፣ አትብሳው፤ እሳት ነው» አለኝ። አሮጌውን በጥንቃቄ አውጥቶ ሌላ ገጠመለት። ታብሌቱ ሲበራ፣ ውድ አንባብያን፣ ቆሜ አልጠበቅሁም፤ ቁጭ አልኩ። የአባቴ ድምፅ ነበረ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ለእህቴ ደሴ ላክሁት፣ ለልጄም ሰጠኋት። አሁን በሦስት ቦታ ይኖራል።

እንግዲህ ለሥራ ባልደረቦቼ ምክሬ አጭር ነው። መኪና ስታቆሙ ታብሌቱን ይዛችሁ ውረዱ፤ ለሌባም ለፀሐይም አትተዉት። ስትነዱ የቀዝቃዛ አየር መውጫው አጠገብ አድርጉት። ሲግል ቻርጀሩን ንቀሉ እንጂ ፍሪጅ አታስገቡት፤ ውስጡ ውኃ ይቋጥራል። ሲበርደው ሳይሞቅ አትሙሉት። ሕጉንም አትርሱ፦ ማርች 2022 ከተጠበቀ ወዲህ እየነዱ በእጅ ይዞ ዘፈን መምረጥ እንኳ 200 ፓውንድና 6 ነጥብ ያስቀጣል፤ ለሾፌሩ በሚታይ ስክሪን ፊልም መክፈትም ክልክል ነው። ለእኛ ደግሞ ነጥቡ ከእንጀራ ላይ ነው የሚቆረጠው።

ዕቃው ይተካል። በውስጡ የእናት ምርቃት፣ የአባት ወግ ያላችሁ ግን ይህን ጋዜጣ አስቀምጡና ዛሬ ማታ ገልብጡት። ሳምንት እንገናኝ፤ ሰላም ሁኑ።