የገመናችን ቁልፍ በማን እጅ ነው?

በካምፓችን ውስጥ አንድ አባባል እየተለመደ መጥቷል። «ስደተኛ የሚደብቀው ምን አለውና ነው ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ምስጢር የሚጨነቀው? ይህ የባለጸጎች ጣጣ ነው፤ እኛስ ራሽናችንን እንጠይቅ» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ክፉዎች አይደሉም። ብዙዎቹ ከእኛ ጋር ከዴም የወጡ፣ ከአንድ ጀሪካን የጠጣን ወንድሞችና እኅቶች ናቸው። ይሁን እንጂ አባባሉ ስሕተት ነው። የስሕተቱን ዕዳ የሚከፍለውም ተናጋሪው ሳይሆን ሌላ ሰው በመሆኑ በዝምታ ልናልፈው አንችልም።

ስለዚህ በዚህች በእጅ እየተገለበጠች በምትዞር ጽሑፋችን፣ ገመናን ለመጠበቅ ታስበው ስለ ተሠሩና ውስጣቸው ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች፣ በቅርብ ስለ ወጡትም አዳዲስ እትሞቻቸው ያለንን አቋም እንገልጻለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ በነገሩ ምንነት እንግባባ። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት ስልኩ ወይም ኮምፒዩተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነቃውና ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ የሚያዝዘው ነው። የምንጽፈው ደብዳቤ፣ የምናነሣው ፎቶግራፍ፣ የምንደውልለት ሰው ስም በእርሱ እጅ ያልፋል። የቤቱ ዘበኛ ነው ብንል አንሳሳትም። ለመሆኑ ይህ ዘበኛ የማን ተቀጣሪ ነው? ዊንዶውስን የመሰለው ዝግ ፕሮግራም ሥራውን ያሳየናል እንጂ አሠራሩን አያሳየንም። እኛ በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን አሠራሩን ሳያሳይ መልሱን ብቻ ጽፎ ለሚያቀርብ ተማሪ ሙሉ ማርክ አንሰጥም ነበር። ለተማሪ ያልፈቀድነውን ለኩባንያ የምንፈቅድበት ምክንያት ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ ቀድመውን ያነሡ አሉ። በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ ግኑ የተሰኘውን ሥራ አወጀ። የመርሑ ፍሬ ነገር ማንም ሰው ፕሮግራሙን ለፈለገው ተግባር እንዲያውለው፣ ውስጡን እንዲያጠና፣ እንዲያሻሽል፣ ገልብጦም ለጎረቤቱ እንዲሰጥ ነው። በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሊኑክስን እምብርት ሠርቶ ለሁሉ ለቀቀው። ከዚያም ዴቢያን በ1993፣ ኡቡንቱ በ2004 ተከተሉ። የኡቡንቱ ስም ራሱ ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ ሲሆን፣ አዘጋጆቹ እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን ለጠየቃቸው ሁሉ በፖስታ በነጻ ይልኩ ነበር።

አሁን ወደ «የምደብቀው የለኝም» ባዩ እንመለስ። ይህ ወገናችን ስልኩን ይክፈትና ይመልከት። የእናቱ ቁጥር አለ። አገር ቤት የቀረው የወንድሙ ቁጥር አለ። በዴም ያስጠጋችው፣ ለመንገድ ያበደረችው እኅት አለች። አብሮት ድንበር የተሻገረው ጓደኛው ፎቶግራፍ አለ። ይህ ሁሉ የእርሱ ምስጢር አይደለም፤ የእነርሱ ነው። እርሱ አደራ ተቀባይ ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ከከተማው የወጣው ሕዝብ ኬላ ላይ ምን እንደ ገጠመው እናውቃለን። ታጣቂው መጀመሪያ የሚጠይቀው መታወቂያ ነው፤ ቀጥሎ «ስልክህን ክፈት» ይላል። በዚያች ሰዓት የሚመረመረው የቆመው ሰው ብቻ አልነበረም። በስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮት ተሰልፎ ነበር። ታዲያ የሰውን አደራ ይዞ «ለእኔ ግድ የለኝም» ማለት ከየት የመጣ ባሕል ነው?

«ማን እኛን ብሎ ይሰልላል» ለሚሉም መልስ አለን። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲቲዝን ላብ በማርች 2013 ባወጣው ጥናት፣ ፊንስፓይ የተባለ ሰላይ ፕሮግራም የግንቦት 7ን ሰዎች ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ ለኢትዮጵያውያን ይላክ እንደ ነበር አረጋገጠ። በፌብሩዋሪ 2014 ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የሠራው መሰለያ በውጭ አገር በሚሠሩ የኢሳት ባልደረቦች ላይ እንደ ተሞከረ ገለጸ። የሱዳን መንግሥትም ከዚሁ ኩባንያ ደንበኞች አንዱ እንደ ነበር በ2015 የኩባንያው ሰነድ ሲዘረገፍ ታየ። በዲሴምበር 2017 ደግሞ ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ መሣሪያ በውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ መዋሉ ተጋለጠ። ከዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ ወጥመዱ የቀረበው «ፍላሽ ፕሌየርህን አድስ» በሚል ሽፋን ነበር። ስለዚህ «አዲስ እትም ወጣ» የሚለው ቃል ራሱ ጦር የሚደበቅበት ቁጥቋጦ ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ኮምፒዩተሩ በፊንስፓይ በመሰለሉ ክስ አቅርቦ ነበር። የዋሽንግተን የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2017 ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ ባለመሆኑ የውጭ መንግሥትን መክሰስ አይቻልም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ዜግነትና ጠበቃ ያለው ሰው በር ከተዘጋበት፣ ወረቀት የሌለው የካምፕ ነዋሪ በየትኛው ችሎት ሊቆም ነው?

ራስን መጠበቅ መማር ራሱ እንደ ወንጀል የተቆጠረበትንም ጊዜ አንርሳ። በኤፕሪል 2014 ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። ከክሱ ነጥቦች አንዱ «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በተባለው፣ መልእክትን በምስጢር መላክን በሚያስተምረው መመሪያ ሠልጥነዋል የሚል ነበር። የአምስቱ ክስ በጁላይ 2015 ተነሣ፤ የቀሩትንም በኦክቶበር 2015 ፍርድ ቤቱ ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። ነገር ግን ከአንድ ዓመት በላይ የታሰሩበትን ጊዜ የመለሰላቸው የለም። ገዥዎች ይህን ያህል የሚፈሩትን ትምህርት እኛ በገዛ እጃችን «አያስፈልገንም» ብንል ማን ይደሰታል?

ሰላዩም ሁልጊዜ መንግሥት አይደለም። በኦገስት 2020 እንደ ተዘገበው፣ ቴክኖ ደብልዩ 2 በተባለው ርካሽ ስልክ ውስጥ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ተንኮለኛ ፕሮግራሞች ከሱቅ ሳይወጣ ተጭነው ተገኙ። አፕስትሪም የተባለው ድርጅት ከ200,000 በላይ ከሆኑ ስልኮች የመጡ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ጥያቄዎችን እንዳገደ ገለጸ። ስልኮቹ ከተገኙባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ተንኮሉ ባለስልኩ ሳያውቅ የአገልግሎት ደንበኛ እያደረገ የሞላውን ካርድ የሚበላ ነበር። ኩባንያው ጥፋቱን በአቅርቦት መስመሩ ባለ ሌላ አካል ላይ አሳብቦ ማስተካከያ ለቅቄያለሁ አለ። ይሁን! እኛ ግን እንጠይቃለን፦ ውስጡ ቢከፈትና ቢመረመር ኖሮ ይህን ያህል ጊዜ የድኻ ካርድ ይበላ ነበርን?

ሌሎች ደግሞ «በዴም ዊንዶውስን በነጻ ይጭኑልን አልነበረምን? ከዚያ የበለጠ ነጻ ምን አለ?» ይሉናል። እነዚህ ወገኖች ሁለት ነገሮችን አደባልቀዋል። የተሰረቀ ቁልፍ ነጻነት አይባልም። በየሱቁ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ የነበረው የተሰበረ ዊንዶውስ ከማን እጅ እንደ ተነሣ፣ በመንገድ ላይ ማን ምን እንደ ጨመረበት ማንም አይመሰክርም። ደግሞም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ብዙዎቹ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። ሊኑክስ ግን ከእነርሱ ብዙዎቹን ዛሬም ያሠራል፤ መገልበጡንም ፈቃዱ ራሱ ይፈቅዳል።

በተቃራኒው ጫፍ የቆሙም አሉ። አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ነጻነት የታወጀ ይመስላቸዋል። «ዴቢያን 13 በኦገስት 2025 ወጣ፤ ቴይልስ 7 በሴፕቴምበር ተከተለ፤ ከእንግዲህ ማን ይነካናል!» ይላሉ። ቴይልስ በእርግጥ ለእኛ ኑሮ የተስማማ ነው። በፍላሽ ይያዛል፤ በሰው ኮምፒዩተር ላይ ይነሣል፤ ሲዘጋ በኮምፒዩተሩ ላይ ምንም ሳይተው ይወጣል። ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኘው ቶር በተባለው፣ መልእክቱን በሦስት ጣቢያ በሚያዞር መረብ ነው። ነገር ግን ፍላሹ 8 ጊጋባይት፣ ኮምፒዩተሩም 3 ጊጋባይት ሚሞሪ ሊኖረው ይገባል። በስልክ ላይ አይሠራም። ዴቢያን 13ም በቀድሞዎቹ ባለ 32 ቢት ኮምፒዩተሮች ላይ መጫኑ ቀርቷል። ግራፊንኦኤስ የተባለው የስልክ ሲስተም በጥንካሬው የተመሰገነ ቢሆንም እስከ 2025 ድረስ የሚሠራው በጉግል ፒክስል ስልኮች ላይ ብቻ ነበር፤ በካምፓችን ስንት ፒክስል አለ? ኪዩብስ የተባለውም እያንዳንዱን ሥራ በየክፍሉ ለይቶ የሚይዝ ጠንቃቃ ሲስተም ሆኖ ሳለ የሚጠይቀው ኮምፒዩተር ከአቅማችን በላይ ነው። አዲሱ እትም ወደ ፊት በተራመደ ቁጥር ድኻውን ከኋላ እንዳይተው የሚጮኽለት ያስፈልጋል። ጩኸቱም የእኛ ድርሻ ነው።

ቶርም ቢሆን ጋሻ እንጂ ተአምር አይደለም። በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ የቶር ግንኙነት ተለይቶ ታግዶ ነበር። የዘዴው መነሻም የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ተቋም ነው፤ ይህን የሚደብቅ ሰባኪ አይታመንም። የምንቀበለው አባቱን ዐይተን ሳይሆን ውስጡ በአደባባይ ስለሚመረመር ነው። ኬላ ላይ በዱላ የተያዘ ሰው ደግሞ የይለፍ ቃሉን ሊናገር ይችላል። ከዱላ የሚያድን እትም እስካሁን አልወጣም።

ክፍትነትስ ምን ይጠቅማል? በማርች 2024 የሆነውን እንመልከት። ኤክስዜድ በተባለች፣ ብዙ የሊኑክስ ሲስተሞች በሚጠቀሙባት ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ አንድ ሰው የሐሰት ስም ይዞ ከሁለት ዓመት በላይ አመኔታ ሲሰበስብ ቆይቶ የጓሮ በር ከፈተባት። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ኮምፒዩተሩ በግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን አስተዋለ፤ ውስጡን ከፍቶ መረመረ፤ ተንኮሉን አገኘ። ትምህርቱ ሁለት ነው። ክፍት ቤትም ሌባ ይገባዋል። ሌባውን ማየት የተቻለው ግን መግቢያው ለተራ ተመልካች ስላልተከለከለ ነው። የተከፈተ መጽሐፍ አንባቢ ከሌለው ከተዘጋው አይሻልም፤ ስለዚህ ከመካከላችን አንባቢ ማውጣት አለብን።

በመሆኑም የሚከተለውን እንላለን።

አንደኛ፣ በካምፑ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ወጣቶች ይህን ሙያ ይማሩ፤ የተማሩትንም ለሌላው ያስተምሩ። ሁለተኛ፣ አንድ ንጹሕ ቅጂ ከአዘጋጆቹ ከራሳቸው ገጽ ይምጣ፤ ትክክለኛነቱም እዚያው በተሰጠው ማመሳከሪያ ይረጋገጥ። ቴይልስ ራሱን ወደ ሌላ ፍላሽ የሚገለብጥበት መሣሪያ በውስጡ ስላለው፣ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ሊባዛ ይችላል። አሜሪካ ከ1997 እስከ 2017 በሱዳን ላይ የጣለችው ማዕቀብ ባለበት ዘመን፣ በጃንዋሪ 2010 ሶርስፎርጅ የተባለው የነጻ ፕሮግራሞች ግምጃ ቤት እንኳ ለሱዳን በሩን ዘግቶ ነበር። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት የሱዳን ዋና ዋና የስልክ መስመሮች ተቋረጡ። በእጅ የሚዞር ቅጂን ግን በር የሚዘጋበት የለም። ሦስተኛ፣ «አድስ» የሚል ማስታወቂያ በመልእክት ቢመጣ ማንም አይንካው። አራተኛ፣ አጭር መመሪያ በአማርኛ ይጻፍ። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የገባው ሰዎች ደክመውበት ነው፤ ኮምፒዩተሩ «ሀ»ን ካወቀ የቀረው ትርጉም የእኛ የአማርኛ አንባቢዎች ዕዳ ነው። አምስተኛ፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ፤ ለቻርጅ የምናሳድረው ስልክ ይቆለፍ፣ የማያስፈልግ ስምና ፎቶግራፍ ይጥፋ። ለዚህ ፍላሽም ኢንተርኔትም አያስፈልግም።

ራሽናችንን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ እንጠይቃለን። ነገር ግን የራሽን ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ዐደራ ከመጠበቅ ነጻ አይወጣም። ዘመዶቻችን ስማቸውን የሰጡን አምነውን ነው። ይህችን ጽሑፍ ያነበበ ገልብጦ ለሌላው ይስጥ፤ ማንበብ ለማይችል ያንብብለት። ተቃውሞ ያለው ወገንም ይጻፍ፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ እንሰጠዋለን።