ሳይርቅ በቅርቡ

አሜሪካ ውስጥ ማደያ ለመግዛት የሚነሳ ወገናችን በመጀመሪያ የሚጠይቀው በወር ስንት ጋሎን እንደሚሸጥ ነው። ቀጥሎ የሱቁን ገቢ፣ ከዚያ የኪራዩን ውል ያያል። አስፋልቱ ሥር የተቀበረውን ታንከር የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ ጥያቄው ከዚያ መጀመር አለበት ባይ ነኝ። በፌዴራሉ ሕግ ታንከሩ ያፈሰሰውን የማጽዳት ግዴታ የባለቤቱና የአንቀሳቃሹ ነው፤ ታንከሩን የገዛም ባለቤት ሆኗል።

ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ከርሰ ምድር ታንከሮች ሕግ ካወጣ ወዲህ ነዳጅ ማፍሰሳቸው የተረጋገጠባቸው ቦታዎች ከ500,000 ይበልጣሉ። አብዛኞቹ ጸድተዋል፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩት ግን ዛሬም አልተቋጩም።

ችግሩ፣ ሲያፈስ አይታይም። ለወርኃዊ ቁጥጥር የሚፈቀደው አውቶማቲክ መለኪያ እንዲለይ የሚጠበቅበት ትንሹ ፍሳሽ በሰዓት 0.2 ጋሎን ነው። በወር ሲሰላ 144 ጋሎን ይሆናል!

በጊዜ ከተደረሰበት ኤክስካቫተር የተበከለውን አፈር ዝቆ ያወጣዋል፤ ያበቃል። ከዘገየ ጉድጓድ ተቆፍሮ የነዳጁ ትነት በፓምፕ ለወራት ይሳባል። ውሃ ላይ ከደረሰ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ሳንታ ሞኒካ እ.ኤ.አ. በ1996 ኤምቲቢኢ የተባለ የቤንዚን ጭማሪ የውሃ ጉድጓዶቿ ውስጥ ገብቶ ከውሃዋ ግማሽ ያህሉን አጣች፤ ዋናዎቹን ጉድጓዶች ወደ ሥራ የመለሰችው ከ14 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው ለዚህ ነው።

«ከግዢ በፊት አፈሩንና ታንከሩን ማስመርመር ገንዘብ ይበላል፤ ሻጩም ይሸሻል» የሚሉ አሉ። ይሽሽ! አፈሩን አላስነካም ያለ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል። የምርመራው ወጪ ከጽዳቱ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ጽዳቱ ብዙ ጊዜ ከመቶ ሺህ ዶላር ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመ፣ ከየጋሎኑ የሳንቲም አንድ አሥረኛ የሚጠራቀምበት ፈንድ አለ፤ ብዙ ግዛቶችም የራሳቸው አላቸው። ፈንድ ግን የሚደርሰው ነዳጁ ከፈሰሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ግዛቶች የአፈርና የታንከር ምርመራ ውጤት ሳይቀርብ ማደያ እንዳይሸጥ ይከልክሉ። ሕጉ እስኪመጣ ገዢው ራሱ ውሉ ላይ ያስገባው፤ ውጤቱን በእጁ ሳይዝም አይፈርም።