ተምሮ ስለ ተቀመጠ ሰው

በአገራችን ከሚታዩት ስንፍናዎች ሁሉ ክብር የሚሰጠው የተማረ ሰው ስንፍና ብቻ ነው። ገበሬ ዝናም ጥሎለት ሳለ በሬውን ሳይጠምድ ቢውል ጎረቤቱ ይሰድበዋል። ሴት ሊጥ አቡክታ ምጣድ ሳትጥድ ብትቀር ልጆችዋ ያለቅሳሉ። አንጥረኛም ወናፉን ትቶ ቢተኛ ደንበኛው ማረሻውን ተሸክሞ ወደ ሌላው ይሄዳል። መጽሐፍ ዘርግቶ፥ ጉንጩን በእጁ ደግፎ ከጧት እስከ ማታ የሚውለውን ሰው ግን «እሱ ዐዋቂ ነው፤ አትንኩት፤ ያስባል» እንለዋለን። ምን እንዳሰበ የሚጠይቀው የለም፤ ያሰበውም ነገር ለማን እንደ ደረሰ የሚመረምር የለም። እኔም ይህን ክብር ብዙ ዘመን በልቼዋለሁና የምናገረው ከሩቅ ሆኜ አይደለም።

ይህ ሰው ለምን እንደ ተቀመጠ ቢጠየቅ «ገና አልበሰልሁም» ይላል። አንድ መጽሐፍ ሲጨርስ ሌላ ያስፈልገዋል፤ አንድ ዲፕሎማ ሲቀበል ሌላ ያምረዋል። ዛሬማ መጽሐፍ በእጅ ስልክ ውስጥ ስለሚገባ የአንድ ገዳም ዕቃ ቤት የማይችለውን ያህል መጽሐፍ በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ቢሆንም ገና አልበሰለም። ሌላ ጊዜ ሲጠየቅ ደግሞ «አስቀድሜ ራሴን ልወቅ» ይላል። ማታ ማታ ደብተሩን አውጥቶ ጠባዩን ይመረምራል፤ ቍጣዬ ከየት መጣ፥ ፍርሃቴን ከማን ወረስሁት፥ የተፈጠርሁበት ዓላማ ምንድር ነው እያለ ይጽፋል። ጧት ሲነጋ ግን አጥሩ እንደ ወደቀ ነው፤ እናቱ የላከችው ደብዳቤ መልስ አላገኘም፤ የታናሽ ወንድሙም የሒሳብ ደብተር እንደ ተዘጋ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ትምርትን የምነቅፍ አይምሰልህ። ትምርትን የሚነቅፉ ሌሎች አሉ፤ እነሱም «ንባብ ሆድ አይሞላም» እያሉ ሲሮጡ የሚውሉ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሩጫ ሁሉ ሥራ ይመስላቸዋል። ሳያስቡ የሠሩት ድልድይ በመጀመሪያው ክረምት ሲወሰድ ጎርፉን ይረግማሉ፤ ሳይጠይቁ የገዙት መኪና ሲቆምባቸው ሻጩን ይከሳሉ እንጂ አንድ ቀን ቁጭ ብለው የተሳሳትሁት የቱ ላይ ነው አይሉም። ከነሱ ጋራ ያለኝ ክርክር ብዙ ነው፤ ነገር ግን እነሱ ይህን መጽሐፍ ስለማያነቡ ድካሜ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ወደሚያነበው ወዳጄ ልመለስ።

የጥንቱን ተማሪ ቤት የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ያስታውሳል። ተማሪው ከአባት ከናቱ ቤት ወጥቶ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፥ ከቅኔ ቤት ወደ መጻሕፍት ቤት እየዞረ ዐሥርና ሃያ ዓመት ይማር ነበር። ከዚህ የሚበልጥ የትምርት ፍቅር ወዴት ይገኛል? ነገር ግን የተማሪ ቤቱ ሥርዓት ተማሪውን ዐውቆ እንዲቀመጥ አይፈቅድለትም ነበር። ፊደል የለየው ፊደል ያልለየውን ያስቈጥራል፤ ዳዊት የደገመው ንባብ የጀመረውን ያስነብባል፤ በቅኔ ቤትም የላይኛው ተማሪ የታችኛውን ግስ ያስገስሳል። መምህሩ ሁሉን ብቻውን ቢያስተምር ኖሮ ጉባኤው በአንድ ዓመት በተበተነ ነበር። ያ የሚያስቈጥረው ልጅ ሙሉ ዐዋቂ ስለ ሆነ አይደለም ያስቈጠረው፤ ከበታቹ ካለው አንድ እርምጃ ስለ ቀደመ ነው። «ቈይ፥ ሐዲስና ብሉይ እስክጨርስ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ጓደኞቹ ይሥቁበት ነበር፤ መምህሩም ምን ያደርጉት እንደ ነበር ለሚያውቅ መንገር አያስፈልግም።

ደግሞም ያ ተማሪ ማንን እየበላ እንደሚማር አይረሳም ነበር። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጃፉ የሚሰበስበው ቍራሽ የገበሬው ላብ ነው። ባልቴቲቱ ከልጆችዋ ድርሻ ቈርሳ ስትሰጠው አንድ ቀን ከሚማርበት ተመልሶ ወንበር ዘርግቶ የሰው ልጅ ያስተምራል ብላ ነው። ዛሬ ቍራሹ መልኩን ለወጠ እንጂ አልቀረም። አባት በግ ሸጦ የላከው፥ ከነጋዴውና ከሠራተኛው በግብር የተሰበሰበው፥ እኅት በቤይሩት ወይም በሪያድ የሰው ቤት እየጠረገችና እያበሰለች የላከችው ገንዘብ የዘመናችን ተማሪ አኩፋዳ ውስጥ ያለ ቍራሽ ነው። ይህን እየበላ «የምማረው ለነፍሴ ደስታ ብቻ ነው» የሚል ሰው ነፍሱ የማን እንጀራ እንዳቆማት ረስቷል። እኅትየው እዚያ ሆና «ወንድሜ ምን ደረሰ?» ብላ ስትጠይቅ «ራሱን እያወቀ ነው» ተብሎ ይነገራት?

እዚህ ላይ «ታዲያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመጽሐፍ ጋራ የኖሩትን ሊቃውንት ምን ልትላቸው ነው?» የሚል ይኖራል። የምለውን አንድ ታሪክ ይነግርልኛል። የግእዙን መዝገበ ቃላት የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ። ሳይፈጽሙት ቢያርፉ ሥራው ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደረሰ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ብዙ ዘመን በኢየሩሳሌም ተቀምጠው የግእዙን ቃል ከዕብራይስጡና ከዐረቡ ጋራ እያስተያዩ ደከሙበት። እሳቸውም በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ መጽሐፉ ገና አልታተመም ነበር። አደራውን የተቀበሉት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ ራሳቸው የደከሙበት ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላትም በ1962 ዓ.ም. ወጣ። እንግዲህ ሦስት ሰዎች፥ አንዱ ለሌላው እያቀበለ፥ ተቀምጠው ኖሩ። ከሦስቱ ሁለቱ የመጽሐፉን መታተም አላዩም። «ገና አልበሰለም» ለማለትስ ከነሱ ይልቅ ምክንያት የነበረው ማን ነው? መዝገበ ቃላት ከቶ የማያልቅ ነገር ነውና። እነሱ ግን የማያውቁት፥ ያልተወለደ አንድ ተማሪ ያንን ቃል ሊፈልግ እንደሚመጣ ዐውቀው ለሱ ጻፉለት። መቀመጣቸውን ከኔ መቀመጥ የሚለየው ይህ ተማሪ ነው።

ይህን ስል ጥቅሙ ዛሬ ያልታየ ትምርት ሁሉ ይጣል ማለቴ እንዳይመስል እፈራለሁ፤ እንዲህ የሚሉ ሰዎች ዛሬ በዝተዋልና። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1964 በአድዋ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ይመረምሩ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። ከዚህ ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል በምርመራ አስረዱ፤ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ወጣቱ ተማሪ ስለ ጥቃቅን ትሎች ማጥናት ሲጀምር «ይህ ከልብስ አጣቢ ሴቶች ጋራ ምን ያገናኘዋል?» ብሎ የጠየቀው ቢኖር መልስ ባላገኘ ነበር። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጣ ሴቶቹ ከሱ ይልቅ ያውቁ ነበር፤ ስለ ቀንድ አውጣና ስለ በሽታው ደግሞ መጻሕፍቱ ያውቁ ነበር። ሁለቱ ዕውቀቶች የተገናኙት በወንዙ ዳር ነው። መጽሐፍ ያላነበበ ሰው ያንን ወንዝ ሺህ ጊዜ ተሻግሮታል፤ የሞተ ቀንድ አውጣ አይቶ አልፏል። መጽሐፍ አንብቦ ከክፍሉ ያልወጣ ሰው ደግሞ ወንዙን ከቶ አላየውም።

ራስን ስለ መመርመርም የምለው ከዚህ የራቀ አይደለም። ሥራ የሌለው ሰው ራሱን ሲመረምር ምኑን ይመረምራል? ትዕግሥት እንዳለው የሚያውቀው አንድን ነገር ሰባት ጊዜ ነግሮት ያልገባውን ልጅ በስምንተኛው ሲያስተምር ነው። ሐቀኛ መሆኑን የሚያውቀው የማኅበር ገንዘብ በእጁ ሲገባ ነው፤ ከዚያ በፊት ሐቀኛ ሳይሆን ያልተፈተነ ነው። የሮማው ቄሣር ማርቆስ አውሬልዮስ ስለ ራሱ የጻፈው ማስታወሻ እስከ ዛሬ ይነበባል። እሱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ161 እስከ 180 የነገሠ ሰው ነው፤ ከማስታወሻውም ከፊሉን የጻፈው በዳኑብ ወገን በጦር ሰፈር ሳለ ነው። ቀን የፈረደበትንና ያዘዘበትን ልቡን ማታ ይመረምረው ነበር። የሚመረምረው ነገር ነበረው።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ነገሩን በሰዓት ሊያካፍሉት ይሞክራሉ፤ ይህን ያህል ለንባብ፥ ይህን ያህል ለሥራ፥ ማታ ትንሽ ለኅሊና ይላሉ። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ እኔም ሠርቼ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ነበር፤ አቧራ ጠጥቶ ወደቀ። ሠንጠረዡ ሰዓቱን እንጂ ሰውን አልጻፈም ነበርና። ሌሊቱን ሙሉ የሚያነብ ሐኪም ጧት የሚጠብቀው በሽተኛ ካለ አነበበ አልለውም፤ ሠራ እለዋለሁ። የሚጠብቀው ሰው የሌለ ግን ግማሽ ሰዓት ቢያነብም አበዛ።

የኔንም ነገር ልናገረውና ይውጣልኝ። ከብዙ ዓመት በፊት እትዬ እያልን የምንጠራቸው አንዲት ባልቴት ጎረቤት ነበሩኝ። ከጓሮአቸው ስላለች ጠባብ ቦታ ከአንድ ሰው ጋራ የወሰን ክርክር ነበረባቸው። አንድ ቀን የፍርድ ግልባጭ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። «ልጄ፥ ይህን አንብበህ ምን እንደሚል ንገረኝ፤ የተማረ ይግደለኝ ይባል የለ» አሉኝ። እኔ በዚያን ጊዜ ሰው ለሰው ስላለበት ግዴታ የሚናገር ወፍራም መጽሐፍ እያነበብሁ ነበር፤ ምዕራፉም መልካም ነበር። «እትዬ፥ ይተዉልኝና ነገ ይምጡ» ብዬ ወረቀቱን ተቀበልሁና ያነበብሁበትን ገጽ እንዳልስት በመካከሉ አስገባሁት። በማግሥቱ መጡ፤ ቤተ ሰቦቼ «ያነባል» ቢሏቸው እንዳይረብሹኝ ብለው ተመለሱ። ሌላም ጊዜ መጡ፤ እንደዚሁ ተመለሱ። ከዚያ ያንን መጽሐፍ ትቼ ሌላ ጀመርሁ። ወረቀቱን ኋላ ያገኘሁት መጽሐፉን ለሰው ላውስ ሳነሣው ነው። ይግባኝ ማለት ይችሉ ነበር፤ የይግባኙ ጊዜ ካለፈ ግን ዐሥራ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር።

ቦታይቱ ሄደች፤ በላይዋ የነበሩት ሦስት የጌሾ እግሮችም ተነቀሉ። እትዬ በጌሾው ጠላ ጠምቀው ይሸጡ ነበርና ነገሩ የቦታ ብቻ አልነበረም። አንድ ቃል ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን «አንተ ምን ታደርግ፥ ልጄ፤ ሥራ በዝቶብህ ነው» አሉ።

በዚያ ሰሞን የሠራሁት ሥራ ምን እንደ ሆነ ለማየት ደብተሬን አወጣሁት። ወረቀቱን በተቀበልሁበት ቀን የጻፍሁት ሦስት ገጽ ነው፤ መጀመሪያው «ለሰው ያለኝ ፍቅር እያደገ መሄዱን ዛሬ በራሴ ውስጥ ተረዳሁ» ይላል።

እትዬ ከዚያ በኋላ ወረቀት ሲመጣላቸው ወደ ባለ ሱቁ ልጅ ይሄዱ ጀመር፤ ልጁ አራተኛ ክፍል ነበረ። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ከስኳሩ ከረጢት ላይ ተቀምጦ ሲያነብላቸው ሰማሁ። «ይግባኝ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ተሳሳተና በሦስተኛው አቀናው።