ስሙን ሰምታችሁ አትሩጡ

ጓደኛዬ ምን እየተጫወትኩ እንደሆነ ጠየቀኝ። «ብላስፌመስ» አልኩት። «ምን ማለት ነው?» «አምላክን የሚሳደብ።» አማተበና «አንተ ልጅ፣ ሌላ ጌም ጠፋ?» አለኝ።

አልፈርድበትም። ስሙ ያስደነግጣል፤ ስክሪኑ ደግሞ ከስሙ ይብሳል። ደም፣ አጥንት፣ የፈራረሰ ገዳም፣ ፊቱን በብረት የሸፈነ አንድ ዝምተኛ ሰው። እኔ ግን ኃጢአትንና ንስሐን የዚህን ያህል ከምር የወሰደ ጌም አላየሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌሙን የሠራው ዘ ጌም ኪችን የሚባል በስፔኗ ሴቪያ ያለ ትንሽ ስቱዲዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በኪክስታርተር 50 ሺህ ዶላር ጠይቀው ከ330 ሺህ በላይ ተዋጣላቸው፤ በ2019 ጌሙ ወጣ። እንደ ድሮዎቹ ከጎን የሚታይ፣ እየዘለላችሁና እየተንጠለጠላችሁ በሰይፍ የምትዋጉበት ነው።

ሴቪያን የማያውቅ ሰው የጀግናውን ሾጣጣ የራስ ቁር እንዲሁ ለማስፈራራት የተፈጠረ ይመስለዋል። አይደለም። በሕማማት ሳምንት የከተማዋ ማኅበርተኞች ፊታቸውን ሸፍነው፣ እንደዚያው ሾጣጣ ቆብ ደፍተው፣ የክርስቶስንና የማርያምን ምስል አጅበው በየጎዳናው ያልፋሉ። ልማዱ የንስሐ ነው። ጌሙ ውስጥ ደግሞ ፊቷ የተቃጠለ ግዙፍ ሴት ትገጥማችኋለች። በሴቪያ ስለ ዶኛ ማሪያ ኮሮኔል የሚነገር ታሪክ አለ፤ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከንጉሥ ፔድሮ ለማምለጥ የፈላ ዘይት ፊቷ ላይ አፈሰሰች ይባላል። ልጆቹ አስፈሪ ነገር ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም። የሳሉት ሰፈራቸውን ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ከሥዕሉ ይልቅ ሕጉ ነው። ሌላ ጌም ላይ ትሞታላችሁ፣ ትነሳላችሁ፣ አለቀ። እዚህ ግን የሞታችሁበት ቦታ ላይ «በደል» ይቀራል። በደሉ ሲጠራቀም «ጸሎት» የሚባሉትን ልዩ ኃይሎች የምትጠቀሙበት አቅም ይሸራረፋል። ለማስመለስ ወይ ራሳችሁ ወደ ወደቃችሁበት ተመልሳችሁ ታነሱታላችሁ፣ ወይ የኑዛዜ ሐውልት ፊት እንባ ትከፍላላችሁ። አዎ፣ የጌሙ ገንዘብ እንባ ነው። ሴቭ የምታደርጉትም ተንበርክካችሁ ነው።

በስቅለት ዕለት በወይራ ጥብጣቡን ተቀብሎ፣ የታዘዘለትን ያህል የሰገደ ሰው ይህ አይጠፋውም። በደል በአፍ ብቻ አይወርድም፤ ጉልበት ይጠይቃል።

«ታዲያ ስድብ አይደለም?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በጌሙ ዓለም የነገሠው «ተአምር» የሚሉት ኃይል የሰውን ጸጸት ሥጋ አልብሶ ያሠቃየዋል። እግዚአብሔርን መሐሪ ብሎ የሚያምን ሰው በዚህ ቢቆጣ አይገርመኝም። ግን ስድብ ማለት መናቅ ነው። የናቀውን ነገር እንዲህ ነጥብ በነጥብ ለመሳል ዓመታት የሚፈጅ ሰው አላውቅም። እነዚህ ልጆች የሚፈሩትንና የሚወዱትን አንድ ላይ ሳሉት እንጂ አልቀለዱበትም።

ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። ጌሙ ሲወጣ ድምፁ እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። የሴቪያ ሕማማት በእንግሊዝኛ! ሰፈራችሁን እስከ ቆቡ ድረስ ስላችሁ ሰዉን በባዕድ ቋንቋ ማናገር ምን የሚሉት ነው? የስፓኒሽ ድምፁ የመጣው በ2020 ነው። ደግነቱ በ2023 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሪያውም ይዞት መጣ። ደግሞ እሾህ ላይ ከወደቃችሁ ወዲያው ትሞታላችሁ፤ ይሄ ንስሐ ሳይሆን ግፍ ነው። ታናሽ ወንድማችሁ ፊትም አትክፈቱት፤ ለልጅ አይሆንም።

ጓደኛዬ? በመጨረሻ ሞከረው። አስር ደቂቃ ሳይቆይ እሾህ ላይ ወድቆ ሞተ። «አሁንስ ወዴት ነው የምሄደው?» አለኝ።

«መጀመሪያ ተመለስና በደልህን አንሳ» አልኩት።