ደላላው ስልካችን ውስጥ ገብቷል፤ ወጣቶቻችንስ?

 

ሰውን ወደ ውጭ የሚልክ ደላላ ድሮ በአካል ይታወቅ ነበር። ገበያ ይወጣል፤ ከሰርግና ከለቅሶ አይቀርም፤ የማን ልጅ ትምህርቷን እንዳቋረጠች፣ የማን አባት ዕዳ እንዳለበት ያውቃል። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲና ከሐረርጌ ወጣቶቻችንን እየመለመለ ሲያስወጣ፣ ክፋቱ እንዳለ ሆኖ፣ ልጇ የጠፋባት እናት ቢያንስ የምታንኳኳው በር ነበራት። ዛሬ ግን በቲክቶክ የአረብ አገር ሕንጻ ከጀርባው አድርጎ ይታያል፤ በቴሌግራም «አሁን ሂዱ፣ በኋላ ትከፍላላችሁ» እያለ ይለጥፋል። ስሙ የእርሱ አይደለም፤ ስልኩም ነገ ይዘጋል።

ይህ የሚደርሰው ባልተማሩት ላይ ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ታይላንድ ውስጥ ጥሩ ደመወዝ ያለው የኮምፒውተር ሥራ አለ የሚል ማስታወቂያ አምነው የሄዱ ኢትዮጵያውያን ድንበር ተሻግረው ወደ ምያንማር ተወስደዋል። እዚያም በታጠረ ግቢ ውስጥ ሆነው ሌላውን ሰው በኢንተርኔት እንዲያጭበረብሩ ተገደዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ከእነዚህ ግቢዎች ወጥተው ታይላንድ ከገቡት 260 ያህል የልዩ ልዩ አገር ሰዎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት የእኛው ልጆች ነበሩ።

ደላላው ስልክ ውስጥ ከገባ፣ ወጣቶቻችን እዚያው ሊገጥሙት መነሣታቸው ደስ ያሰኛል። በየአካባቢው ቪድዮ እያዘጋጁ፣ የድምፅ መልእክት እየቀዱ እኩዮቻቸውን የሚያስጠነቅቁ ወንድሞችና እኅቶች አሉን። አላህ (ሱ.ወ) ድካማቸውን ይቀበላቸው። እኛም በዚህ ዓምድ ስለዚሁ ሥራቸው ጥቂት ልንመካከር እንወዳለን።

ማስፈራራት ብቻውን አይበቃም

ብዙዎቹ ዘመቻዎች የሚጀምሩት በአሰቃቂ ምስል ነው። የተደበደበች እኅት፣ በየመን ታግቶ ቤተሰቡ ገንዘብ እንዲልክ በስልክ የሚያለቅስ ወንድም፣ በባሕር የሰጠመ ጀልባ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ደላላው ይህን ምስል የሚፈራው ይመስላችኋል? አይፈራም። «እነዚያ በሌላ ሰው የሄዱ ናቸው፤ የእኔ መንገድ ሕጋዊ ነው» ብሎ ያንኑ ቪድዮ ለገበያው ይጠቀምበታል። ወንድሟን ለማስተማር፣ የእናቷን ቤት ቆርቆሮ ለማልበስ የቆረጠች ልጅም ምስሉን አይታ ታለቅሳለች፤ ከዚያ በኋላ ትሄዳለች።

ደላላው የሚፈራው ጥያቄ ነው። ስለዚህ ዘመቻው ለልጆቻችን ጥያቄ ያስታጥቃቸው። የላኪው ኤጀንሲ ስም ማን ነው? ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የተሰጠው ፈቃድ አለውን? ቪዛው የሥራ ነው ወይስ የጉብኝት? የሥራ ውሉ የት አለ? ልጅቷ በምታነበው ቋንቋስ ተጽፏልን? የቪዛውንና የአውሮፕላን ቲኬቱን ወጪ ማን ይከፍላል? የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ይህን ወጪ በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። «የቪዛ» እየተባለ በሬ የሚሸጥበት ቤት ይህን ቢያውቅ ስንቱ በሬ በበረቱ ይቀር ነበር! ዕድሜዋ 18 ያልሞላን ልጅ በፓስፖርት ላይ ዕድሜ ጨምሮ መላክም ወንጀል እንጂ እርዳታ አይደለም።

የቀመሱት ይናገሩ

ሌላው ነገር፣ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ነው። አረብ አገር ረግጦ የማያውቅ ሰው ከሚመክር ይልቅ የቀመሰችው ብትናገር ይሰማል። ለምሳሌ «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለውን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ሊባኖስ ውስጥ የመሠረቱት ራሳቸው በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አንዳንድ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ያን ጊዜ የእነዚህ እኅቶች ማኅበር ምግብና መጠለያ በማቅረብ ደርሶላቸዋል። በስልክ የሚያሰሙት ቃልም የሚታመነው ሥራቸው ስለሚመሰክርለት ነው።

ሆኖም ተጎጂ ትናገር ስንል ገመናዋ ይገለጥ ማለታችን አይደለም። የእኅትን ፊት፣ ስሟንና መንደሯን ሳያስፈቅዱ መለጠፍ ሁለተኛ ጉዳት ነው። ነገ ታገባለች፤ ከጎረቤት ጋር ትኖራለች። የሙስሊምን ነውር መሸፈን በዲናችን ትልቅ ቦታ እንዳለው የማያውቅ የለም። ከአሠሪዋ ጠፍታ የተደበቀች ልጅ ያለችበትን ቦታ መጻፍ ደግሞ ለሚፈልጋት ሰው መጠቆም ነው። በስሟ ገንዘብ የሚሰበስብም አማና እንደተሸከመ ይወቅ፤ ምን ያህል እንደተሰበሰበና የት እንደደረሰ በግልጽ ያሳውቅ። ወሬ ሲደርሰን ሳናጣራ እንዳናሰራጭ ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት ማዘዙንም አንርሳ። አንድ የሐሰት ቪድዮ የአሥር እውነተኛ ምስክሮችን ቃል ያስጥላል።

ወላጆችስ?

ስደት ራሱ ነውር ነው አላልንም። የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ጭቆና ሲበረታባቸው ወደዚችው ወደ ሐበሻ ተሰደው በንጉሥ ነጃሺ ዘንድ ከለላ አግኝተዋል። የምንቃወመው ስደተኛን እንደ ዕቃ መሸጥን ነው። ነጻ ሰው ሽጦ ዋጋውን የበላና ሠራተኛ አሠርቶ ደመወዙን የከለከለ፣ አላህ በቂያማ ቀን ባላጋራቸው ከሚሆናቸው ሦስት ሰዎች መካከል መሆናቸውን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ደላላውም፣ ደመወዝ የሚያስቀረው ከፊልም ከዚህ ማስጠንቀቂያ የት ያመልጣሉ?

አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ስልኳን ይዛ ስትመጣ አትቆጧት፤ «ማን ጻፈልሽ? ምን አለሽ?» ብላችሁ አብራችሁ አንብቡ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ወጣቶቹ በአማርኛም በኦሮምኛም የድምፅ መልእክት ይላኩላቸው። ኢማሞቻችንም ከጁሙዓ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቢሰጧቸው መልእክቱ ስልክ ከሌለውም ቤት ይገባል። መሄዷ የቆረጠ ከሆነ ደግሞ የፓስፖርቷንና የውሏን ፎቶ፣ የአሠሪዋንም ስምና አድራሻ ሳታስቀሩ አትሸኟት።

ከተመለሱት እኅቶችና ወንድሞች ጋርም በመልካም እንኑር። ባዶ እጃቸውን መጡ ብሎ የሚያሽሟጥጥ ጎረቤት ያለበት ሰፈር፣ ያዩትን እንዳይናገሩ አፋቸውን ይዘጋል። እነርሱ ዝም ካሉ ደግሞ በየስልኩ ብቻውን የሚናገረው ደላላው ነው።

አላህ ልጆቻችንን ከአታላይ ይጠብቅልን፤ በሰው አገር ያሉትንም በሰላም ይመልስልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።