አንድ ምት፣ ብዙ ድምፅ፤ የባለአገሩስ ድምፅ?

በሬጌ ዓለም አንድ የቆየ ልማድ አለ። አዘጋጁ የባስና የከበሮ ምት ያሠራል፤ ከዚያም ብዙ ድምፃውያን በዚያው ምት ላይ የየራሳቸውን ግጥምና ዜማ ይዘው ይገባሉ። ጃማይካውያን ምቱን «ሪዲም» ይሉታል። ሩፒ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣው «ያማሃ ስካንክ» በአንድ ምት ብቻ የተሠራ አልበም ነበር። በ1985 ደግሞ ከአንዲት አነስተኛ የካሲዮ ኪቦርድ የተገኘው «ስሌንግ ቴንግ» ለቁጥር የሚያታክቱ ዘፈኖችን ወለደ።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ትዝታን ማሕሙድ አሕመድም በዛወርቅ አስፋውም ተጫውተውታል፤ የአንዱ ትዝታ የሌላውን ይሰርዛል ያለ አድማጭ ግን አልሰማሁም። ታዲያ በዜማ የምንችለው በፖለቲካችን ስለምን ተሳነን? አንዱ ወገን ሁሉም አንድ ግጥም እንዲያዜም ያዛል፤ ሌላው ደግሞ ለየራሱ የተለየ ከበሮ ካልተመታ አልዘፍንም ይላል።

ይህ ጥያቄ ጎልቶ የሚታየው፣ ከአዳማ ተነስቶ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ አድርጎ በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ ሻሸመኔ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ለጥቁር ሕዝቦች 5 ጋሻ ወይም 200 ሄክታር ያህል መሬት በዚያ ሰጡ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ ከስጦታው አብዛኛው ከሰፋሪዎቹ እጅ ወጣ። ለራስ ተፈሪያውያኑ መታወቂያ እንደሚሰጥ መንግሥት ያስታወቀው ገና በ2009 ዓ.ም. ነው።

ሻሸመኔ በሬጌ ዘፈኖች የተስፋ ምድር ሆና ትወደሳለች። ይሁን እንጂ ስጦታውን የወሰነው ዙፋኑ እንጂ በዙሪያው ያረሰው የአርሲ ኦሮሞ ገበሬ አልነበረም። በጃማይካም ቢሆን ባሱን የመታው ሙዚቀኛ የዕለት ዋጋውን ተቀብሎ ብዙ ጊዜ ተረስቷል፤ ስምና ገንዘብ ለዘፋኙና ለአዘጋጁ ሆኗል። መሠረቱን የጣለ ሲረሳ ቅሬታ ይወለዳል፤ ቅሬታም ሲከርም ጥላቻ ይሆናል።

እንግዲህ ራስ ተፈሪያውያኑን የዘውድ ርዝራዥ አድርጎ ማባረር ፍትሕ አይደለም፤ በዚያ ተወልደው ያደጉ ልጆች ሌላ አገር አያውቁም። የባለአገሩን ጥያቄ «ታሪክ አታጉድፉ» ብሎ ማፈንም እንዲሁ ፍትሕ አይደለም። እንደ እኔ እምነት መፍትሔው ሁለቱንም በአንድ ምት ላይ ማስገባት ነው። በሻሸመኔ አንድ ሪዲም ተሠርቶ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በጃማይካውያኑ አነጋገር ቢዜምበት፣ የመሬቱም ጉዳይ ባለአገሩና መጤው እኩል በሚደመጡበት ሸንጎ ቢታይ፣ ለአገር ትምህርት ይሆናል።

ሕግ ምት ነው፤ የጋራ ሊሆን ይገባል። ግጥሙ ግን የየራሳችን ይሁን። ምቱ ሲቀረጽ ያልተጠራ ሰው፣ በኋላ አብረህ ዝፈን ቢባል አይዘፍንም፤ ቢዘፍንም ከልቡ አይሆንም።