ዚርኮን ብቻውን ምስክር አይሆንም

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። የአሸዋ ድንጋይ ፈጭታችሁ፣ ዚርኮኑን ለቅማችሁ፣ ዕድሜውን አስለክታችሁ «ምንጩ ታወቀ» ትላላችሁ። ኧረ ቆይ!

ሂማላያ ግርጌ ያሉትን የሲዋሊክ ኮረብታዎች ተመልከቱ። ድንጋያቸው ከተራራው የወረደ ደለል ነበር፤ ረባዳው ውስጥ ተጠራቅሞ ጠጠረ። ግፊቱ ወደ ደቡብ ሲቀጥል ረባዳው ራሱ ታጥፎ ኮረብታ ሆነ። ዛሬ ወንዞች ይሄንኑ ሸርሽረው ወደ ጋንጀስ ሜዳ ያወርዱታል። ዚርኮን ጠንካራ ነው፣ ይህን ሁሉ ጉዞ ችሎ ያልፋል። «1.8 ቢሊዮን ዓመት» የምትል አንዲት ዚርኮን ከተራራው በቀጥታም፣ ከሲዋሊክም ልትመጣ ትችላለች፤ ቁጥሩ ያው ነው። መቼ እንደተወለደች ትነግራችኋለች እንጂ የት አድራ እንደመጣች አትነግራችሁም።

ታዲያ በምን ትለያላችሁ? ማይክሮስኮፕ ስር ፌልድስፓሩንና የድንጋይ ስባሪዎቹን ቁጠሩ፤ እነሱ መንገድ ላይ ቶሎ ያልቃሉ። ፊልድ ወጥታችሁ የአሸዋው ንብርብር ወዴት እንዳዘነበለ ለኩ፤ የጥንቱ ወንዝ አቅጣጫ እዚያ አለ። አለዚያ የረባዳውን መታጠፍ፣ ከተራራው ላይ አዲስ ድንጋይ እንደተገለጠ አድርጋችሁ ትጽፉታላችሁ።

ማሽኑን አልጠላሁም። ግን በአንድ ምስክር አትፍረዱ። የማይስማማ ካለ ይሞግተኝ!